ሰርጀሪ ውስጥ የቱ ሬዚደንሲ? ከማች በፊት የሚደረግ ንጽጽር

«ሰርጀሪ ነው የምፈልገው» የሚል መልስ ለዘመድ ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ ላለው የስፔሻሊስት ሥልጠና፣ ለሚያመለክት ሰው ግን ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው። የትኛው ሰርጀሪ? በየትኛው ማች (አመልካችንና ፕሮግራምን በሚያዛምደው ምደባ) በኩል? ውጤቱ ፌብሩዋሪ ላይ የሚነገረው ነው ወይስ ማርች ላይ? አምስት ዓመት ነው ወይስ ሰባት? አብዛኛው ተማሪ ይህን የሚጠይቀው አንዱን ክፍል ከወደደ በኋላ ነው። ልብ አንዴ ከሄደ ደግሞ ንጽጽር አይጥምም።

እዚህ የማወዳድረው የአሜሪካን የቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ መንገዶች ነው። የትኛው ሙያ ይከበራል የሚለውን ለካፍቴሪያ ወሬ እተወዋለሁ። የኔ አቋም ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ሁለት ስፔሻሊቲ ስታወዳድሩ ቀድማችሁ ማየት ያለባችሁ፣ ባይሳካላችሁ ምን እንደሚተርፋችሁ ነው። ስምና ደሞዝ በኋላ ይደርሳል። (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

## ማቹ ራሱ ምን ያደርጋል?

ብዙ የተሳሳተ ምክር የሚመነጨው ከዚህ ስለሆነ በቅድሚያ እንየው።

አመልካቹ በሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ማመልከቻውን ይልካል። ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ኢንተርቪው ያደርጋል። ከዚያ ያያቸውን ፕሮግራሞች ከሚወደው ጀምሮ ይደረድራል። ፕሮግራሞቹም አመልካቾቹን እንዲሁ ይደረድራሉ። ሁለቱ ዝርዝሮች ኮምፒውተር ውስጥ ይገባሉ። የሚወጣው ምደባ አስገዳጅ ነው፤ «ይቅርብኝ» ብሎ ነገር የለም።

ኤንአርኤምፒ የተባለው ብሔራዊ የማች ድርጅት ይህን ሥራ የጀመረው በ1952 ነው። ዛሬ የሚሠራበት ስሌት ሥራ ላይ የዋለው በ1998 ሲሆን፣ ከአመልካቹ ምርጫ ተነስቶ የሚያዛምድ ነው። ያዘጋጁት አልቪን ሮትና ኤሊዮት ፔራንሰን ናቸው። ሮት በ2012 ከሎይድ ሻፕሊ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው በዚሁ የማዛመድ ጥናት ነው።

«የማትደርስበትን አንደኛ አታድርግ፣ ዕድል ታባክናለህ» የሚል ምክር መስማታችሁ አይቀርም። በምሳሌ እንፈትነው። ሁለት ፕሮግራሞች አሉ እንበል፤ አንድ አንድ ቦታ ብቻ አላቸው። አመልካቾቹ አበበ፣ አልማዝና ከበደ ናቸው።

ከበደ የጻፈው ፕሮግራም ሁለትን ብቻ ነው። ስሌቱ እዚያ ያስቀምጠዋል፤ ለጊዜው። አበበ አንደኛ ያደረገው ፕሮግራም አንድን፣ ሁለተኛ ፕሮግራም ሁለትን ነው። እሱም ፕሮግራም አንድ ላይ ለጊዜው ይቀመጣል። ቀጥሎ አልማዝ ትመጣለች፤ የምትፈልገው ፕሮግራም አንድን ነው። ፕሮግራም አንድ ደግሞ ከአበበ በላይ ደርድሯታል። አበበ ይነሳል፣ አልማዝ ትቀመጣለች። አበበ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ይሄዳል። እዚያ ከበደ ቀድሞ ተቀምጧል፤ ግን ፕሮግራም ሁለት አበበን ከከበደ ያስበልጣል። ከበደ ይነሳል።

አበበ የማይደርስበትን አንደኛ አድርጎ ምን አጣ? ምንም። ቦታ የሚጸናው ስሌቱ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ስለሆነ፣ ዘግይቶ መድረስ አይጎዳም። ስለዚህ ዝርዝራችሁን በምትወዱት ቅደም ተከተል ጻፉ። «እነሱ ወደውኛል» የሚለውን ግምት ዝርዝሩ ውስጥ አታስገቡት። ብትመደቡ የማትሄዱበትን ቦታ ደግሞ ጭራሽ አትጻፉ።

ከበደንም አትርሱት። አንድ ብቻ ጽፎ ባዶ እጁን ቀረ።

## በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ማቹ የማን ነው፣ ቀኑስ መቼ ነው የሚለው ነው። ሁሉም በኤንአርኤምፒ አይሄድም። ሁለተኛው ርዝመቱ ነው፤ ከሬዚደንሲው በኋላ የሚመጣውን ፌሎሺፕ (የንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና) ጨምራችሁ ቁጠሩት። ሦስተኛው የቦታው ብዛት ነው። አራተኛው፣ ለኔ ትልቁ፣ ሁለተኛ መንገድ አለው ወይ? የሚለው ነው። አንዱ በር ቢዘጋ ወደዚያው ሙያ የሚያደርስ ሌላ በር መኖሩን ነው የምለው። አምስተኛው ከአሜሪካ ውጭ ለተመረቀ ሐኪም ያለው ክፍተት ነው።

የቦርድ ውጤትን ለብቻው መመዘኛ ያላደረግሁት አውቄ ነው። ስቴፕ 1፣ የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያው ክፍል፣ ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ሆኗል። ቁጥር የቀረው ስቴፕ 2 ሲኬ በተባለው ቀጣዩ ክፍል ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ለሁሉም የሰርጀሪ ዘርፍ ያስፈልጋል። የስቴፕ 1ን ቁጥር ቦታ የተካው ሌላ ነገር ነው፦ ሲግናል።

ሲግናል ማለት ከማመልከቻው ጋር ለተወሰኑ ፕሮግራሞች የሚላክ «እናንተን ከልቤ እፈልጋለሁ» የሚል ምልክት ነው። በየስፔሻሊቲው ቁጥሩ ይለያያል፣ በየዓመቱም ሊቀየር ይችላል። ኦርቶፔዲክስ (የአጥንት ቀዶ ሕክምና) 30 ሲግናል ይሰጣል። ቁጥሩ እንዲህ ሲበዛ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲግናል ያልደረሰው ፕሮግራም «እኛን ከ30ዎቹ ውስጥ እንኳ አላስገባንም» ብሎ ፋይሉን ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ 30 ሲግናል ባለበት ስፔሻሊቲ 80 ማመልከቻ መላክ ብዙውን ጊዜ ብር መበተን ነው።

ስንት ብር? በ2025 የማች ዙር ኢራስ በተባለው የማመልከቻ ሥርዓት፣ በአንድ ስፔሻሊቲ ውስጥ እስከ 30ኛው ፕሮግራም ድረስ እያንዳንዱ 11 ዶላር ነበር። ከ31ኛው ጀምሮ እያንዳንዱ 30 ዶላር። ለ30 ፕሮግራም 330 ዶላር ይሆናል። ለ80 ግን 1,830 ዶላር። ልዩነቱ 1,500 ዶላር ነው፤ እሱም ሲግናል ላልላካችሁባቸው 50 ፕሮግራሞች የከፈላችሁት ነው።

## ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና

አምስት ዓመት ነው። ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሞች መሀል ላይ አንድ ወይም ሁለት የምርምር ዓመት ይጨምራሉ። ኢንተርቪው ላይ «ምርምሩ ግዴታ ነው ወይስ ምርጫ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። አምስት ያላችሁት ሰባት ሆኖ እንዳያስደነግጣችሁ።

በኤንአርኤምፒ በኩል በየዓመቱ ከ1,600 በላይ ካቴጎሪካል ቦታ ይቀርባል። ካቴጎሪካል ማለት ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው ቦታችሁ የተያዘ ነው ማለት ነው። ቃሉን ያዙት፤ በኋላ ላይ ያስፈልገናል።

የጠቅላላ ሰርጀሪ ትልቁ ሀብት ከኋላው ያሉት በሮች ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ በፌሎሺፕ ወደ ደም ሥር፣ ወደ ደረትና ልብ፣ ወደ ፕላስቲክ፣ ወደ ሕፃናት፣ ወደ ካንሰር፣ ወደ ንቅለ ተከላ፣ ወደ ኮሎሬክታል (ትልቁ አንጀት)፣ ወደ ትራውማ (የአደጋ ጉዳት) እና ጽኑ ሕሙማን መሄድ ይቻላል። በ26 ዓመቱ ምን እንደሚፈልግ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው እዚህ ጊዜ ይገዛል። በሦስተኛው ዓመት ሐሳቡን ቢቀይር ማንም አይገረምም።

ዋጋው ምንድን ነው? ፌሎሺፕ ራሱ ሌላ ማች ነው። ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ኢንተርቪው፣ ምናልባትም ሌላ ከተማ። የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ፌሎሺፕ ደግሞ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ፉክክሩ እጅግ ከባድ ነው። በየዓመቱ አብሲት የሚባለው የሥልጠና ላይ ፈተና አለ፤ ለፌሎሺፕ ስታመለክቱ ውጤቱ ይታያል። የቦርድ ፈተና ለመቀመጥ ቢያንስ 850 ኦፕሬሽን መሥራት ያስፈልጋል። የሥራ ሰዓቱ ጣሪያ በአራት ሳምንት አማካይ በሳምንት 80 ሰዓት ነው፤ ከ2003 ጀምሮ። ይህ ጣሪያ ለሁሉም ሬዚደንት አንድ ነው። ወደ ጣሪያው የሚጠጋው ግን ሁሉም አይደለም፤ ሰርጀሪ ይጠጋል።

## ቀጥታ የሚገባባቸው፦ ፕላስቲክ፣ የደም ሥር፣ የደረትና ልብ

እነዚህ ሦስቱ ሁለት በር አላቸው። አንደኛው ጠቅላላ ሰርጀሪን ጨርሶ በፌሎሺፕ መግባት ነው። ሁለተኛው ከሕክምና ትምህርት ቤት በቀጥታ «ኢንተግሬትድ» በሚባለው ሬዚደንሲ መግባት ነው።

በዓመት እናስላው። ፕላስቲክ በቀጥታ 6 ዓመት ነው፤ በጠቅላላ በኩል 5 ሲደመር 3፣ ስምንት። የደም ሥር በቀጥታ 5፣ በጠቅላላ በኩል 7። የደረትና ልብ በቀጥታ 6፣ በጠቅላላ በኩል 7 ወይም 8። የሚቆጠበው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። ቀላል አይደለም፤ ሁለት የሬዚደንት ዓመት ማለት ሁለት የስፔሻሊስት ደሞዝ ዓመት ዘገየ ማለት ነው።

ቦታው ግን ጠባብ ነው። ቀጥታ ፕላስቲክ በዓመት ወደ 200፣ የደም ሥር ወደ 100፣ የደረትና ልብ ወደ 50 አካባቢ ቦታ ብቻ ነው ያላቸው። ለ50 ቦታ የሚወዳደር ሰው ከዚያው ኢንተርቪው ክፍል የወጣን ሰው በሚቀጥለው ከተማ ደጋግሞ ያገኘዋል።

ታዲያ ለምን እወዳቸዋለሁ? ሳይሳካ ቢቀር መድረሻው ስለማይጠፋ ነው። ቀጥታ የደም ሥር ያጣ ሰው ጠቅላላ ሰርጀሪ ገብቶ፣ ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ለነዚህ ሦስቱ የሚያመለክት ሰው ጎን ለጎን ለጠቅላላ ሰርጀሪ ማመልከቱ የተለመደ ነው፤ ምክንያታዊም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁለቱን ማመልከቻ አንድ ዓይነት አታድርጓቸው። ኢራስ ላይ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተለየ የግል ጽሑፍና የተለያየ የድጋፍ ደብዳቤ መመደብ ይቻላል፤ ደብዳቤው ቢበዛ አራት ነው። ለጠቅላላ ሰርጀሪ ፕሮግራም «ከልጅነቴ ጀምሮ ማይክሮሰርጀሪ…» የሚል ጽሑፍ ከደረሰው ሁለተኛ ምርጫ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሁለቱም ዘርፍ ላይ ካመለከታችሁ ደግሞ ዲፓርትመንቶቹ ጎረቤት መሆናቸውን አስቡ። ይነጋገራሉ።

## አንድ በር ብቻ ያላቸው፦ ኦርቶፔዲክስ፣ ኒውሮሰርጀሪ፣ ከአንገት በላይ

እነዚህ ጋ ሁለተኛ መንገድ የለም። ጠቅላላ ሰርጀሪ ጨርሶ በፌሎሺፕ የአጥንት ወይም የአንጎል ቀዶ ሐኪም መሆን አይቻልም። ወይ በዚያ በር ትገባላችሁ፣ ወይ ትቀራላችሁ።

ኦርቶፔዲክስ አምስት ዓመት ነው፤ ቦታው ወደ 900። ከአንገት በላይ አምስት ዓመት፤ ቦታው ከ400 በታች። ኒውሮሰርጀሪ ሰባት ዓመት፤ ቦታው ወደ 240። ማመልከቻው በኢራስ፣ ማቹ በኤንአርኤምፒ ነው።

ኦርቶ ለመግባት ወረቀት ብቻ አይበቃም። የሕክምና ትምህርቱ አራተኛ ዓመት ላይ ተማሪው ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄዶ የአራት ሳምንት አታችመንት ይሠራል። ስሙ ትምህርት ነው፤ ግብሩ ፈተና ነው። ከሬዚደንቶቹ ቀድሞ መድረስ፣ የሌሊቱን አዲስ ስብራት ሁሉ ማወቅ፣ ራጁን ከፍቶ ማቅረብ፣ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ እግር ይዞ ሰዓታት መቆም። ማንም «እየፈተንኩህ ነው» አይልም። መጨረሻ ላይ ግን ሬዚደንቶቹ «ከዚህ ልጅ ጋር አምስት ዓመት ዲዩቲ እንሠራለን ወይ?» ተብለው ይጠየቃሉ። አታችመንቱ ያለበት ከተማ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ከኪሳችሁ መሆኑንም በጀት ውስጥ አስገቡት።

የአታችመንት ነገር ከአንገት በላይና ኒውሮሰርጀሪ ላይም ተመሳሳይ ነው። ኒውሮሰርጀሪ ላይ ምርምር ይጨመርበታል። ሳይመደቡ የቀሩ ሰዎች የሚያደርጉት በአብዛኛው አንድ ዓመት ምርምር ሠርቶ ዳግም ማመልከት ነው። እንደ መጠባበቂያ ሌላ ዘርፍ ለማመልከት የሚያስብ ሰው ግን ራሱን በሐቅ ይጠይቅ፦ አጥንት የሚወድ ሰው አንጀት እየሰፋ 30 ዓመት መኖር ይችላል? ካልቻለ ጠቅላላ ሰርጀሪ መጠባበቂያው አይደለም። ዳግም ማመልከት ይሻለዋል።

## ቀድመው የሚወጡት፦ ዩሮሎጂና ዓይን

ዩሮሎጂ (የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና) የራሱ ማች አለው። የሚያካሂደው የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር ነው። የዓይን ሕክምናም በኤንአርኤምፒ አይሄድም፤ ኤስኤፍ ማች በተባለው በኩል ነው። የሁለቱም ውጤት የሚወጣው ፌብሩዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ነው።

ዩሮሎጂ በአብዛኛው አምስት ዓመት ነው፤ አንዳንዱ ስድስት። ዓይን የመጀመሪያውን ዓመት ጨምሮ አራት ነው፤ ከሰርጀሪ ዘርፎች አጭር ከሚባሉት አንዱ። ዓይን ከሌሎቹ ለየት ይላል። ግማሹ ሥራ ክሊኒክ ነው፤ ኦፕሬሽኑ በማይክሮስኮፕ ሥር ነው፤ ብዙው በሽተኛ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሌሊት የሚጠራ ሥራ ቢኖርም እንደ ትራውማ አይደለም።

ቀድሞ መውጣቱ ሁለት ፊት አለው። ጥሩው ፊት፦ ፌብሩዋሪ ላይ ካልተሳካ፣ የኤንአርኤምፒ ዝርዝር የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ቀድማችሁ ያመለከታችሁበትን ሌላ ዘርፍ መደርደር ትችላላችሁ። ይህን ዕድል ሌላ የሰርጀሪ ዘርፍ አይሰጥም። መጥፎው ፊት የጥንዶች ነው። ኤንአርኤምፒ ባልና ሚስት ወይም ፍቅረኛሞች ዝርዝራቸውን አጣምረው እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። አንደኛው ዩሮሎጂ ሌላኛዋ ጠቅላላ ሰርጀሪ ከሆኑ ግን ማቾቹ ስለሚለያዩ ማጣመር አይቻልም። ያለው ዘዴ አንድ ነው፤ የፌብሩዋሪው ውጤት ከወጣ በኋላ ሌላኛዋ ዝርዝሯን ወደዚያ ከተማ ማዞር።

ማህፀንና ጽንስን እዚህ በአጭሩ ልጥቀሰው። አራት ዓመት ነው፣ ወደ 1,500 ቦታ አለው፣ ማቹ በኤንአርኤምፒ ነው። ማመልከቻው ግን ከ2024–25 ዙር ጀምሮ ከኢራስ ወጥቶ ሬዚደንሲካስ ወደተባለ ሌላ ሥርዓት ሄዷል። ሁለት ዘርፍ የሚያመለክት ሰው ሁለት ፎርም ይሞላል ማለት ነው።

## በአንድ ገጽ

| ዘርፍ | ማች | ርዝመት (ዓመት) | የቦታ ብዛት (በግምት) | ወደዚያው ሙያ ሌላ መንገድ |
|---|---|---|---|---|
| ጠቅላላ ሰርጀሪ | ኤንአርኤምፒ፣ ማርች | 5 (ምርምር ካለ 6–7) | ከ1,600 በላይ | ራሱ ለሌሎቹ መንገድ ነው |
| ፕላስቲክ (ቀጥታ) | ኤንአርኤምፒ፣ ማርች | 6 | 200 | አለ፣ 5+3 |
| የደም ሥር (ቀጥታ) | ኤንአርኤምፒ፣ ማርች | 5 | 100 | አለ፣ 5+2 |
| የደረትና ልብ (ቀጥታ) | ኤንአርኤምፒ፣ ማርች | 6 | 50 | አለ፣ 5+2 ወይም 5+3 |
| ኦርቶፔዲክስ | ኤንአርኤምፒ፣ ማርች | 5 | 900 | የለም |
| ከአንገት በላይ | ኤንአርኤምፒ፣ ማርች | 5 | ከ400 በታች | የለም |
| ኒውሮሰርጀሪ | ኤንአርኤምፒ፣ ማርች | 7 | 240 | የለም |
| ዩሮሎጂ | የዩሮሎጂ ማኅበር፣ ፌብሩዋሪ | 5–6 | ከ400 በታች | የለም፤ ግን ዝርዝር ለማስተካከል ጊዜ አለ |
| ዓይን | ኤስኤፍ ማች፣ ፌብሩዋሪ | 4 | 500 | የለም፤ ግን ዝርዝር ለማስተካከል ጊዜ አለ |
| ማህፀንና ጽንስ | ኤንአርኤምፒ፣ ማርች | 4 | 1,500 | የለም |

## «ፕሪሊም» የሚባለው

ሠንጠረዡ ላይ የሌለ አንድ አማራጭ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያስበው የሚገባበት። ፕሪሊሚናሪ ሰርጀሪ ይባላል።

ፕሪሊም የአንድ ዓመት ውል ነው። ሥራው ከካቴጎሪካሉ ኢንተርን (የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት) ጋር አንድ ነው፤ ዲዩቲው አንድ፣ ደሞዙ አንድ። ልዩነቱ በጁን መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው። ካቴጎሪካሉ ወደ ሁለተኛ ዓመት ያልፋል። ፕሪሊሙ ውሉ ያልቃል።

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀጣዩ ቦታ የታወቀለት ነው። ሬዚደንሲያቸው ከሁለተኛ ዓመት የሚጀምር ዘርፎች የመጀመሪያውን ዓመት ሰርጀሪ ላይ ያሠራሉ። ይህ ምንም ችግር የለበትም። ሁለተኛው ቀጣዩ ያልታወቀለት ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በማች ሳምንት ሰኞ «አልተመደባችሁም» የሚል መልእክት ሲመጣ ሶፕ የሚባለው የተረፈ ቦታ ማከፋፈያ ይጀምራል። ከ2012 ጀምሮ ያለ ሥርዓት ነው። እስከ 45 ፕሮግራም ድረስ ማመልከት ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ካልደወለላችሁ እናንተ መደወል ክልክል ነው። ኦርቶ ወይም ከአንገት በላይ እዚያ ገበያ ላይ እምብዛም አይገኝም። ሰርጀሪ ፈላጊ የሚያገኘው በአብዛኛው ይህንን ቀጣዩ ያልታወቀለትን ፕሪሊም ነው።

ሰው በድንጋጤ ይቀበለዋል፤ አልፈርድበትም። ግን ከመቀበላችሁ በፊት፣ ፕሮግራሙ ሲያናግራችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ባለፉት ሦስት ዓመታት የነበሩ ፕሪሊሞቻችሁ አሁን የት ናቸው?» ጥሩ ፕሮግራም «አንዷ እዚሁ ካቴጎሪካል ሆነች፣ አንዱ አኔስቴዥያ ገባ፣ አንዱ ራዲዮሎጂ» እያለ ይቆጥርላችኋል። «ይለያያል» ብሎ ካለፈ መልሱን አግኝታችኋል።

ፕሪሊም የሚጠቅመው አሜሪካ ውስጥ ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ ሥራውን በዓይን ለሚያስመሰክር ሰው ነው። ወጥመዱ፣ በሳምንት 80 ሰዓት እየሠሩ ለሚቀጥለው ማች መዘጋጀት ነው። ማመልከቻ የሚላከው ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ እናንተ ሥራ የጀመራችሁት ጁላይ ላይ። ለአዲሱ የድጋፍ ደብዳቤ ራሳችሁን የምታሳዩበት ጊዜ ከሦስት ወር አይበልጥም።

## ከአሜሪካ ውጭ ለተመረቀ ሐኪም

እዚህ ላይ ማባበል አልፈልግም። በ2024 ማች፣ በሁሉም ስፔሻሊቲ ተደምሮ፣ ከአሜሪካ የኤምዲ (የሕክምና ዶክተር ዲግሪ) ትምህርት ቤት የሚመረቁ ተማሪዎች 93.5 በመቶ ቦታ አግኝተዋል። ዜጋ ያልሆኑ በውጭ የተመረቁ ሐኪሞች 58.5 በመቶ። ይህ የውስጥ ደዌ ሕክምናንና የቤተሰብ ሕክምናን ጨምሮ ነው። ሰርጀሪ ብቻውን ሲታይ በሩ ይጠብባል። ኦርቶ፣ ከአንገት በላይና ፕላስቲክ ላይ የሚመደበው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ኒውሮሰርጀሪ በሚገርም ሁኔታ ትንሽ ይከፈታል፤ ግን በአብዛኛው ለዓመታት እዚያው ዲፓርትመንት ምርምር ለሠራ ሰው። ከሁሉም የሚሻለው ጠቅላላ ሰርጀሪ ነው።

ቅድመ ሁኔታው በውጭ የተመረቁ ሐኪሞችን የሚያረጋግጠው የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት ነው፦ ስቴፕ 1፣ ስቴፕ 2 ሲኬ፣ ኦኢቲ የተባለው የሕክምና እንግሊዝኛ ፈተናና የክሊኒክ ብቃት ማረጋገጫው። ኤች-1ቢ የተባለውን የሥራ ቪዛ የሚፈልግ ሰው የፈቃድ ፈተናውን የመጨረሻ ክፍል ስቴፕ 3ንም አስቀድሞ ማለፍ አለበት፤ ቪዛውን የማይሰጡ ፕሮግራሞችም ብዙ ናቸው።

ጄ-1 በተባለው የልውውጥ ቪዛ የሚመጣ ሰው አንድ ስሌት መሥራት አለበት፤ ብዙ ሰው አይሠራውም። ለሥልጠና የሚፈቀደው ጊዜ በመደበኛው እስከ ሰባት ዓመት ነው። ጠቅላላ ሰርጀሪ አምስት፣ የደም ሥር ፌሎሺፕ ሁለት፤ ልክ ሰባት። ኒውሮሰርጀሪ ብቻውን ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፌሎሺፕ ቢያምራችሁ ቀኑ አልቋል፣ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ከሥልጠናው በኋላ ደግሞ ሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ወይም የዚያን ግዴታ ማንሻ ማግኘት ያስፈልጋል።

## ለማን የቱ?

ሰርጀሪ እወዳለሁ፣ የቱን እንደሆነ አላውቅም ለምትሉ፦ ጠቅላላ ሰርጀሪ። ብዙ አታስቡ።

ፕላስቲክ፣ የደም ሥር ወይም ልብ ብቻ ለምትሉ፦ ቀጥታውንም ጠቅላላውንም አመልክቱ። ዝርዝሩ ላይ ቀጥታዎቹን ከላይ፣ ጠቅላላዎቹን ከሥር። የአበበን ምሳሌ አስታውሱ፤ የላይኛው የታችኛውን አይጎዳም።

ኦርቶ፣ ኒውሮ ወይም ከአንገት በላይ ለምትሉ፦ «ካልሆነስ?» የሚለውን ጥያቄ ከሦስተኛ ዓመት መጨረሻ በፊት መልሱ። የትምህርት ቤታችሁን የስፔሻሊቲ አማካሪ ፋይላችሁን አሳይታችሁ በግልጽ አነጋግሩ። መካሪው ዲፕሎማት ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ኪሳችሁ ሳሳ ካለ፦ ማመልከቻ ከማብዛት አንድ ጥሩ አታችመንት ላይ አውጡት። የሲግናሉን ቁጥር አይታችሁ፣ እሱን ብዙም ሳታልፉ አመልክቱ። ኢንተርቪው ከ2020 ወዲህ በብዛት በኢንተርኔት ስለሆነ የአውሮፕላን ትኬቱ ወጪ ቀንሷል፤ ያ ገንዘብ አታችመንቱን ይሸፍናል።

ባለትዳር ሆናችሁ አብራችሁ የምትመረቁ ከሆነ፦ ሁለታችሁም ኤንአርኤምፒ ውስጥ ያሉ ዘርፎችን ብትመርጡ ይቀላል። ሁለታችሁም 240 ቦታ ያለው ዘርፍ ከመረጣችሁ ግን እግዚአብሔር ይርዳችሁ።

ከውጭ ተመርቃችሁ ለምትመጡ፦ ጠቅላላ ሰርጀሪ ካቴጎሪካል አንደኛ፣ የቀድሞ ፕሪሊሞቹን ታሪክ የሚነግራችሁ ፕሮግራም ያለው ፕሪሊም ሁለተኛ። ከፕሪሊሙ በፊት «ሰርጀሪ ባይሆንስ፣ አኔስቴዥያ እሠራለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ያንኑ ዓመት አኔስቴዥያንም ጨምሩ።

የመጨረሻው ነገር ቢሮክራሲ ነው፤ ግን ሰው ያስለቅሳል። ኤንአርኤምፒ ላይ ዝርዝር መጻፍና ማጽደቅ የተለያዩ ናቸው። ጽፋችሁ «ሰርቲፋይ» የሚለውን ካልተጫናችሁ ስሌቱ ውስጥ አትገቡም። በኋላ አንድ ፕሮግራም ወደ ላይ ካነሳችሁም እንደገና መጫን አለባችሁ። የመዝጊያው ቀን ማርች መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ እናንተ ከሁለት ቀን በፊት ጨርሱት፣ ገጹ ላይ የጸደቀ መሆኑን አይታችሁ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ በኋላ አትንኩት።